ባለ ገሳው አራሚ

በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ዘግይቶ ገባ።

ማዳበሪያ በጊዜው አልደረሰም። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋ ነበር።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ደግሞ አላቆም አለ። ሐምሌ ላይ በረዶ ወርዶ ገብሱን ከመሬት ጋር አጋደመው። ድንቹ አፈር ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። ስናወጣው በእጃችን ላይ ፈሰሰ። ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረዱ።

ለእኔና ለባለቤቴ ለጥላነሽ የቀረን አንድ የስንዴ ማሳ ብቻ ነበር።

የምነግራችሁ በዚያ ማሳ ላይ የሆነውን ነው። ቦታው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚወጣው ተረተር ላይ ነው። ጊዜው የፍልሰታ ጾም፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። ሕልም አልነበረም። በጾም ደግሞ አልጠጣም።

አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ሁሉም በሕይወት አሉ። ስለዚያ ቀን ግን አንዳቸውም ከእኔ ጋር አያወሩም።

ሰው ላስፈራ ብዬ አይደለም የምጽፈው። አፍሬ ነው።

...

የራሳችንን ዘር በችግር በልተነው ነበር። ስለዚህ ከደምበጫ ገበያ የገዛሁትን ዘራሁ። ሳላበጥር ዘራሁት። ቸኩዬ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ማሳው አረንጓዴ ሆነ። ከሩቅ ለሚያየው ያምራል።

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አንዱን ቡቃያ ያዝኩ። ቀጥሎ ያለውን ያዝኩ። ደግሞ ሌላውን...

ስናር ነበር።

ስናርን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ሣር ነው። ስንዴና ገብስ በሚዘራበት አገር ሁሉ አለ። ሲበቅል በቁመቱም በቀለሙም ስንዴን ይመስላል። ዓይን ይሳሳትበታል። ጣት ግን አይሳሳትም።

የስንዴ ቅጠል ከግንዱ በሚለይበት ቦታ ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉ። ግንዱን እንደ ሕፃን ጥፍር ያቅፉታል። ስናር ጆሮ የለውም። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ስስ ነጭ ምላስ ብቻ ነው። ቅጠላቸው ሲጠመዘዝም የስንዴው ወደ ቀኝ፣ የስናሩ ወደ ግራ ነው።

አራሚ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ከግንዱ ሥር ወደ ላይ ያስኬዳል። ጆሮ ካገኘ ያልፋል። ካላገኘ ይነቅላል።

ያልተነቀለ ስናር ከስንዴው ቀድሞ ያፈራል፤ ቀድሞም ያረግፋል። ፍሬው ጸጉራም ነው። እንደ ተሰበረ ጉልበት የታጠፈ ጭራ አለው። እርጥበት ሲነካው ጭራው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ፍሬው በራሱ ይንቀሳቀሳል። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ሲሳብ አይቼዋለሁ። ስንጥቅ መሬት እስኪያገኝ ይሳባል። ከዚያ ገብቶ ይጠብቃል። ለዓመታት ይጠብቃል።

ያ ማሳ ሳይታረም ቢቀር ቤታችን በበጋው ባዶ ነበር። ልጆቻችን ከተማ ናቸው። የልጆቼን እጅ ማየት አልፈለግሁም።

አራሚ ያስፈልገኝ ነበር። አራሚ ግን አልነበረም። ሁሉም የራሱን ማሳ ያርም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤቴ ድረስ ያለበት የሥራ ቀን ትዝ ያለኝ።

...

በእኛ አካባቢ የምናርመው በወንፈል ነው። ዛሬ ላንተ እሠራለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ አንተ ለእኔ ትሠራለህ። የምንበዳደረው ቀን ነው።

ወንፈል ሥርዓት አለው። ለሥራ ጎንበስ ያለ ሰው ባለማሳው «ቀና በል» ሳይለው ወገቡን አያቀናም። የሚለውም በስም እየጠራ ነው፤ የእያንዳንዱ ቀን የየራሱ ስለሆነ። «አማረ፣ ቀና በል» ካልኩ የአማረ ቀን ሞላ ማለት ነው። በፍልሰታ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደወል ባለማሳው ሁሉንም ያሰናብታል።

ድረስ ጎረቤቴ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሙሉ ቀን አረምኩለት። እሱ በተራው ሳያርምልኝ ታመመ። በቃሬዛ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወስዱት በደጄ አለፉ። ከቃሬዛው ላይ ሆኖ አየኝ።

«አያ ገዳሙ... ቀንዎን አልረሳሁም» አለኝ።

«አንተ ዳን እንጂ ቀኑ የት ይሄዳል» አልኩት።

አልዳነም።

በእኛ አገር የወንፈል ቀን ከሞተ ሰው ቤት አይጠየቅም። የጻፈው የለም። ግን ሁሉም ያውቀዋል።

እኔ ጠየቅሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውጭ ቆመን የሳምንቱን ሥራ ስንከፋፈል ጎረቤታችን አማረ ለእኔ ሊያርም ተስማማ። ባለቤቱ ፍቅርአዲስም። የልጅነት ጓደኛዬ ካሴም።

«ሦስት ሰው አይበቃኝም» አልኩ። «ሥራነሽም ቀን አለባት።»

ሥራነሽ የድረስ ሚስት ናት። ትንሿን ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። ዘወር አለች።

«የኔ ቀን ነው አያ ገዳሙ?»

«የባልሽ። ባልሽ ባይኖር ቤቱ አለ።»

ካሴ ክርኔን ጎሸም አደረገኝ። «ተው እንጂ» አለኝ በሹክሹክታ።

አልተውኩም። ለምን እንዳልተውኩ ዛሬም አላውቅም።

ሥራነሽ የልጇን እግር በእጇ ያዘች።

«እሺ» አለች። «ቀንዎ ይመለሳል።»

...

ማክሰኞ ጠዋት ማሳው በጉም ተሸፍኖ ነበር። አንድ ሰው ከሌላው ትንሽ ራቅ ካለ አይታይም።

አማረ ገና ሲደርስ መቀለድ ጀመረ።

«አያ ገዳሙ፣ ዘንድሮ ስናር ነው እንዴ የዘሩት? ስንዴው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው የሚታየው!»

«አፍህን ትተህ እጅህን አንቀሳቅስ» አልኩት።

«እሺ፣ እሺ። ግን ስንዴ ባገኝ ልንቀለው ወይስ ሰላም ልበለው?»

ፍቅርአዲስ ሳቀች። ካሴም ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

ጎንበስ አልን።

ሥራነሽ አልመጣችም ነበር። ልቤ ውስጥ ተናደድኩ።

ጥቂት እንደሠራን ጉሙ ሳሳ አለ። በማሳው የታችኛው ጫፍ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያርም ነበር።

ገሳ ለብሷል።

ገሳ ዛሬ የሚለብሰው የለም። ከሣር ተጎንጉኖ ከራስ እስከ ጉልበት የሚወርድ የዝናብ ልብስ ነው። አሁን ሁሉም ላስቲክ ነው የሚደርበው። ገሳ የለበሰ ሰው ጎንበስ ሲል ፊቱ አይታይም። የሚታየው ሣሩ ብቻ ነው።

«ያቻትና» አልኩ። «ሥራነሽ መጥታለች።»

«በየት አለፈች?» አለ አማረ።

«በታች በኩል ይሆናላ። ቤቷ በዚያ አይደል?»

«ሰላም እንኳ ሳትለን...»

«አኩርፋ ነው» አለች ፍቅርአዲስ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎም አበዙት አያ።»

ወደ ታች ጮህኩ።

«ሥራነሽ! ስንዴውን እንዳትነቅይ! ጆሮውን እያየሽ!»

መልስ የለም። ቀናም አላለች። ገሳው ብቻ ቀስ እያለ ይሄዳል።

ጉሙ እንደገና ዘጋ።

...

መጀመሪያ ልብ ያልኩት ድምፁን ነው።

እርጥብ መሬት ላይ ሣር ሲነቀል ሥሩ ጥርቅ ይላል። የእኛ ይሰማል። ጥርቅ... ጥርቅ... በታች በኩል ግን ምንም አይሰማም።

ሥራ ፈታ ቆማ ይሆናል ብዬ ወደ ድንበሩ ወረድኩ። ልቆጣት ነበር።

ድንበሩ ላይ የተነቀለው ስናር በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ ተደርድሯል። እኛ አራታችን ከነቀልነው ይበልጣል።

አንዱን እቅፍ አነሳሁ።

የታሰረው በራሱ በስናሩ ቅጠል ነው። ማሰሪያው ወደ ግራ ተገምዷል። በእኛ አገር ወደ ግራ የሚገምድ ሰው አላውቅም።

ሥሮቹን አየሁ። ነጭ ናቸው። በዚያ ጭቃ ውስጥ ተነቅለው አንድ ቅንጣት አፈር አልያዙም። በውሃ የታጠቡ ይመስላሉ።

እቅፉን ፈታሁት። አውራ ጣቴን በእያንዳንዱ ግንድ ላይ አስኬድኩ። ጆሮ ያለው አንድም የለም። አንድም ስንዴ አልተነቀለም።

እኔ ዕድሜዬን ሁሉ አርሜያለሁ። እንዲህ ያለ አረም አይቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ መፍራት ነበረብኝ።

ደስ አለኝ።

ገሳው ከእኔ ብዙም ሳይርቅ ይታየኝ ነበር። ዝናብ ይዘንባል። ላስቲኬ ላይ ጠብታው ይጮኻል። ገሳው ላይ የሚወርደው ግን ድምፅ የለውም።

«በርቺ» አልኳት። «እንዲህ ነው እንጂ።»

ተመልሼ ወጣሁ።

ካሴ አንገቱን ደፍቶ እየነቀለ ጠየቀኝ።

«ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ልጇንስ የት ጣለቻት?»

ቆም አልኩ። ሥራነሽ ልጇን ሳታዝል የትም አትሄድም። ገሳው ጀርባ ላይ ግን ልጅ አልነበረም። ጀርባው ሰፊ ነበር...

«ለሰው ትታት ይሆናል» አልኩ።

ካሴ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አማረም አልቀለደም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ብቻ ሁላችንም ወደ ታች ላለማየት እንጠነቀቅ ነበር።

...

ደወሉ ተደወለ።

ዘጠኝ ሰዓት። የማሳው የላይኛው ክፍል ጸድቷል። ከታችኛው ገና ሰፊ ቦታ ይቀራል።

እንደ ሥርዓቱ በተራ ጠራሁ።

«ካሴ፣ ቀና በል።»

ካሴ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«አማረ፣ ቀና በል። ፍቅርአዲስ፣ ቀና በይ።»

ቀና አሉ። ቀኑ ሞላ።

ወደ ታች ዞርኩ።

«ሥራነሽ፣ ቀና በይ!»

ገሳው አልተነሳም።

«ሥራነሽ! ቀና በይ እንጂ!»

ያርማል። እጁ ወርዶ ይነሳል። ወርዶ ይነሳል።

«አልሰማችህም?» አለ ካሴ።

«ሰምታለች።»

«ታዲያ...»

«አያ ገዳሙ።»

ድምፁ የመጣው ከኋላችን ነው። ከላይ በኩል።

ሁላችንም ዞርን።

ሥራነሽ ቆማ ነበር። ላስቲክ ደርባለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ናት። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ልጄ ሲያተኩሳት አደረ። ጤና ጣቢያ ወስጃት አሁን መመለሴ ነው። ነገ ሙሉ ቀን እሠራልዎታለሁ...»

ንግግሯ ተቋረጠ። ፊታችንን እያየች ነበር።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

ፍቅርአዲስ በአገጯ ወደ ታች አሳየቻት።

ሥራነሽ አየች። ብዙ አየች።

«ማነው ያ?»

«አንቺ መስለሽን...» አለ አማረ።

«ገሳው...» አለች።

«ገሳው ምን ሆነ?» አልኩ።

«የድረስ ነው።»

«ገሳ ሁሉ አንድ ነው።»

«ትከሻው ላይ በቀይ ክር የተሰፋውን አያዩትም? እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ቀይ ክሩ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ለምን እንዳላየሁት አላውቅም።

«ታዲያ ከቤትሽ ማን አወጣው?»

«ከቤቴ የለም» አለች፤ ቀስ ብላ። «አርጅቶ ነበር። አምና እሳት አቀጣጥዬበታለሁ።»

...

ካሴ አማተበ። አማረ የሚስቱን እጅ ያዘ።

ሥራነሽ ግን አልሸሸችም። ወደ ማሳው ገባች። ገሳው አጠገብ ደርሳ ቆመች።

«ድረስ» አለችው። «ድረስዬ... ቀና በል።»

አልሰማትም። አጠገቧ ያለውን ስናር ነቀለ። ቀጥሎ ያለውን ነቀለ።

ተመልሳ ወደ እኔ መጣች።

«የእኔን አይሰማም። ማሳው የእርስዎ ነው» አለችኝ። «በስሙ ይጥሩት። ቀና በል ይበሉት። ደወሉ ተደውሏል፤ ቀኑ ሞልቷል።»

አፌን ከፈትኩ።

ደግሞ ማሳውን አየሁ።

የቀረውን ቦታ አየሁ። ስናሩ ጉልበት ደርሶ ተኝቷል። እሱ ባለፈበት በኩል ስንዴው ብቻውን ቆሟል፤ ንጹሕ፣ ተራርቆ፣ አየር እየገባው። እኛ በሁለት ቀን የማንጨርሰውን ለምሽት ያደርሰዋል።

የበጋው ባዶ ቤት ታየኝ።

«ትንሽ ቀርታለች» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላለውም። ሰይጣን አሳሳተኝ ልል ሞክሬ ነበር። አፌ አልታዘዘኝም።

ሥራነሽ አየችኝ። እስክሞት የማልረሳው አተያይ ነው።

«ገዳሙ» አለ ካሴ። «አንተ ሰው ነህ?»

መልሴን አልጠበቀም። ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ። አማረና ፍቅርአዲስም ተከተሉት። ያመጣሁላቸውን ምግብ አልነኩም።

እኔና ሥራነሽ ቀረን።

እሷ ድንበሩ ላይ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ልጅቷን ከጀርባዋ ወደ ጭኗ አዞረችና ፊቷን በእጇ ሸፈነችላት።

እሱ ያርማል።

እኔ ቆሜ አያለሁ።

...

የመጨረሻው ትልም እኔ ወደቆምኩበት ነበር የሚመጣው።

ቀስ ብሎ መጣ። ጎንበስ እንዳለ። ስናር ይነቅላል፣ ስንዴ ያልፋል። ስናር ይነቅላል፣ ስንዴ ያልፋል።

እጆቹ ታዩኝ። የገበሬ እጆች ናቸው። አውቃቸዋለሁ። ጥፍሮቹ ውስጥ ግን አፈር የለም።

እግሬ ሥር ያለውን የመጨረሻ ስናር ነቀለ።

ማሳው አለቀ።

አሁን ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ።

እጁ ተዘረጋ... ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ።

ብርዱን ልነግራችሁ አልችልም። የጮቄን ቁር አውቀዋለሁ፤ ይህን የሚመስል ግን አላውቅም። መጮህ አቃተኝ። መሸሽም አቃተኝ።

አውራ ጣቱ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምሮ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። ቀስ ብሎ። በባቴ አጥንት ላይ። ወደ ጉልበቴ።

አንድ ነገር ይፈልግ ነበር።

ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እኔም ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ጣቱ ከጉልበቴ በታች ቆመ። አራሚ ግንዱን ዳስሶ ሲጨርስ፣ ሊነቅል ሲል፣ አንዲት ትንሽ ቆይታ አለች። ያቺን ቆይታ አወቅኋት።

እጁ ጠበቀ።

«ድረስ!» አልኩ። «ድረስ፣ ቀና በል! ቀና በል!»

እጁ ለቀቀኝ።

ገሳው ሲነሳ ሰማሁ። በዚያ ቀን ከእሱ የሰማሁት ድምፅ ያ ብቻ ነው፤ የሣር መንሿሿት። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ፊቱ ከፊቴ ፊት ለፊት ነበር።

አላየሁትም። ፈርቼ ብቻ አይደለም። ዓይኔን ማንሳት አፈርኩ። እግሬን ነበር የማየው፣ የሁለታችንን መሐል የሚለየውን ጭቃ። በእኔ በኩል የእግር ኮቴ አለ። በእሱ በኩል የለም።

ሥራነሽ ከድንበሩ ላይ አንድ ነገር ተናገረች። ቃሉን አልሰማሁትም። ለሱ ነበር።

ቀና ስል ከፊቴ ማንም የለም። ጉሙ ውስጥ አንድ ጥላ ወደ ታች ይወርዳል። የሥራነሽ ቤትና ማሳ ወዳለበት።

«ፊቱን አየሽው?» አልኳት።

«አየሁት።»

«ምን... ምን ይመስላል?»

ልጇን አዘለች። ላስቲኳን አስተካከለች።

«ደክሞታል» አለች። ሄደች።

...

ቤት ገብቼ ለጥላነሽ ሁሉንም ነገርኳት። ስትሰማ ቆየች። አልጮኸችም፤ አላማተበችም።

«እስከ ደወሉ የሠራው ያለበትን ቀን ነው» አለች። «ከደወሉ በኋላ የሠራውስ?»

ላስቲኬን አውልቄ ሰቀልኩ።

«እኮ የማን ነው?»

«የእኔ ዕዳ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው መልስ።»

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራነሽ ማሳ ወረድኩ። ደጇ ላይ ቆሜ ላርምላት እንደመጣሁ ነገርኳት። እሺም እምቢም አላለችም። ወደ ማሳው በእጇ አሳየችኝ።

የእሷ ማሳ ከእኔ የባሰ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በደንብ ያረመላት የለም። ከስንዴው ስናሩ ይበዛል። ይህን ከቤቴ ደጅ ሆኜ ለሦስት ዓመት አየው ነበር።

ጎንበስ አልኩ።

ብቻዬን ነበርኩ። ይህን አስረግጬ እነግራችኋለሁ። ጉሙ ተገፎ ነበር፤ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ወገቤ ያረጀ ወገብ ነው። ጥቂት እንደሠራሁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀና ማለት ግን የእኔ አልነበረም። ዝናብ መጥቶ ሄደ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ዳሰስኩ፣ ነቀልኩ። ዳሰስኩ፣ አለፍኩ። ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል።

ደወሉ ሲደወል ሥራነሽ ድንበሩ ላይ መጥታ ቆመች። ልጅቷ ተሽሏት በእናቷ ትከሻ ላይ አጮልቃ ታያለች።

ጠበቅሁ።

ብዙ ልታቆየኝ ትችል ነበር። ብታቆየኝም አልናገርም ነበር።

«አያ ገዳሙ» አለች። «ቀና ይበሉ።»

ወገቤን ይዤ ቀና አልኩ። ዓይኔ ጨለመ፤ ከዚያ በራ። ዕዳዬ አለቀ።

ላመሰግናት ወደ እሷ ዞርኩ።

እኔን አልነበረም የምታየው።

በግራዬ በኩል፣ ከእኔ ትልም ጎን፣ ሌላ ትልም ታርሟል። ከማሳው ሥር ጀምሮ እኩል ከእኔ ጋር መጥቷል። የተነቀለው ስናር በሥርዓት ተጋድሟል። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነበር። ምንም አልሰማሁም።

ትልሙ አልቆመም።

ሰው የለም። ገሳም የለም። ከእኔ አልፎ ስናሩ ብቻ በራሱ ዝቅ ይላል፣ ይጠፋል። ቀጥሎ ያለው ዝቅ ይላል፣ ይጠፋል። ስንዴው አይነካም።

«ሥራነሽ...» አልኩ በሹክሹክታ። «ደወሉ ተደውሏል። ማሳው ያንቺ ነው። በስሙ ጥሪው እንጂ።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ስሙ እንዳያመልጣት መዳፏን አነሳችና አፏን አጥብቃ ያዘች።

ስናሩ አንድ በአንድ ዝቅ እያለ፣ ወደ ቤቷ ደጅ ይቀርብ ነበር።